ከሳዑዲ የታየው ጭስ

ይህ የደረሰብን የሞባይል ኢንተርኔት በየሰበቡ ይዘጋ በነበረባቸው የግርግር ዓመታት፣ ቡታጅራ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከድር ሳዑዲ ከሄደ ቆይቷል። እናታችን ታማ ከአልጋ መውረድ ሲያቅታት “ፊቱን አሳዩኝ” አለች። የመስመር ኢንተርኔት አለን፤ ዋይፋዩ የሚሰራው ግን መንገድ ዳር ባለችው ሱቃችን ውስጥ ብቻ ነው። እናቴ የምትተኛበት የኋላው ክፍል የጭቃ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ አይደርስም።

ኢንተርኔት ቤት እሰራ ስለነበር ሁለተኛ ማሰራጫ፣ አክሰስ ፖይንት የሚባለውን፣ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ከሱቁ ሞደም እስከ እናቴ ክፍል ገመድ ዘረጋሁ። ስልኩ ግራ እንዳይጋባ ለሁለቱም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ሰጠሁ። ማሰራጫውን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ እዚያው ካለው ሶኬት ሰካሁት።

በመጀመሪያው ቀን ከድርን አየችው። ስክሪኑን በእጇ እየዳበሰች “ከስተሃል እኮ ልጄ” ብላ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ግን ማሰራጫው በራሱ ይጠፋል፣ በራሱ ይነሳል። መብራት አለ፤ የሱቁም ሞደም ደህና ነው። የሚያሰራጭበትን ቻናል ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ዕቃውን እንደ አዲስ አስተካከልኩት። ምንም ለውጥ የለም።

እናቴ ፈራች። “ሙኒራ፣ ከድር አንድ ነገር ሊሆንብኝ ነው። ፊቱ እየመጣ የሚጠፋው በደህና አይደለም።”

“እማዬ፣ ዕቃው ነው” አልኳት። ግን በዚያ ሰሞን ከሳዑዲ የሚሰማው ወሬ ጥሩ አልነበረም። ክፍሉም የተቃጠለ ላስቲክ ይሸት ጀመር። ጎረቤት ቆሻሻ የሚያቃጥል መስሎን መስኮቱን ዘጋን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስመሩ ረጋ። እናቴን በትራስ ደግፌ ስልኩን ፊት ለፊቷ ያዝኩላት። የእኔም ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው። ከድር እየሳቀ ነበር፤ ድንገት ሳቁ ቆመ።

“ሙኒራ፣ ከእማዬ ራስ በላይ ያለው ምንድን ነው?”

“የቱ?”

“ጭስ ነው፣ ወላሂ! አውጫት!”

ቀና አልኩ። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰራው ኮርኒስ አንድ ቦታ ላይ ጠቁሮ ረግቧል። ጭሱ በስፌቱ መሀል ቀስ እያለ ይወርዳል። ስልኩን ጥዬ እናቴን አቅፌ እየጮህኩ ወጣሁ። አባቴ ከሱቅ ሮጦ መጥቶ መብራቱን ከቆጣሪው ላይ አጠፋ። ጎረቤቶች ኮርኒሱን ቀደው በውሃና በአፈር አዳፈኑት። ለካ ከኮርኒሱ በላይ ያለው፣ ወደ ማሰራጫው ሶኬት የሚወርደው አሮጌ የመብራት ሽቦ መገጣጠሚያው ላልቶ ብልጭ ሲል ሰንብቷል። ማሰራጫውም የሚጠፋው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ዋይፋዩ ከመብራቱ ጋር ተቋርጧል። የሞባይል ኢንተርኔት በዚያው ሰሞን ተዘግቷል፤ ብንደውልለትም ጥሪው አልወጣ አለን፤ የእሱም አልገባ አለ። ከድር ጭሱን አይቷል፣ ጩኸቴን ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ምንም።

ጥሪው ወጥቶልን ያገኘነው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ስልኩን አነሳ።

“ከድር፣ ደህና ናት” አልኩት።

“እሷን ስጪኝ።”

“አለሁ ልጄ” አለችው። ያኔ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁት።

አልሐምዱሊላህ፣ እናቴ ከዚያም በኋላ ኖረች። ቤተሰቡ ያን ቀን ሲያነሳ የሚያወራው ስለ እሳቱ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ወንድሜ በሰው አገር፣ እናቱ ትሙት ትዳን ሳያውቅ ብቻውን የተቀመጠባቸው ሰዓታት ናቸው። እንዴት እንዳለፉ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም።