ሰርገኛ ለጭስ ምርመራ የቀረበች ዕለት

ሾፌሩ ሰውነት መንገድ የሚፈራ ሰው አይደለም። ክረምት ወንዝ ሲሞላበት መኪናውን ዳር አቁሞ ውሃው እስኪጎድል ጋደም የሚል፣ ገደል አፋፍ ላይ ጎማ ሲፈነዳበት ዝም ብሎ ወርዶ የሚቀይር ሰው ነው። ያን ሰሞን ግን እህል አልወርድ አለው። ባለቤቱ ውባለም ምን እንደሆነ ብትጠይቀው የፈራው ማሽን መሆኑን ለመናገር አፈረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ንፋስ መውጫ የሚመጡት ባለሙያዎች ዘንድሮ ጭስ የሚለካ ማሽን ይዘው እንደሚመጡ በየመናኸሪያው ተወራ። ድሮ ፍሬን ታይቶ፣ መብራት ተበርቶ፣ ጎማ ተረግጦ ቦሎ ይለጠፍ ነበር። አሁን ግን ማሽኑ ከጭስ ማውጫው ይገባና ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከልክ ካለፈ እዚያው የመኪናው ታርጋ ተፈትቶ ይቀራል ተባለ።

የሰውነትን መኪና የአገሩ የወገዳ ሰው «ሰርገኛ» ይላታል፤ እንደ ጤፉ ቅልቅል ናት ለማለት ነው። አካሏ እስቴ ውስጥ አንድ ግቢ ቆሞ ዶሮ ሲያድርበት ከኖረ አሮጌ ላንድክሩዘር የመጣ ነው። ሞተሯ የተገለበጠ ሚኒባስ ሞተር ነው። ኋላዋን ብየዳ ቤት አስረዝሞ አግዳሚ አስገብቶላታል። የሞተሩ ቅያሬ በወጉ ታይቶ ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ በዚያ በኩል የሚያሰጋው ነገር የለም። የሚያሰጋው ጭሷ ነው። ሞተሩ ለአካሏ ትንሽ ስለሆነ፣ ዳገት እንዲደፍር ብለው የነዳጅ ፓምፑን ከፍተውት ነበርና ሽቅብ ስትወጣ ከኋላዋ የሚሄድ ሰው በጋቢው ፊቱን ይሸፍናል። ቀልደኞቹ ደግሞ ሲያገኙት፣ ሰርገኛ ዛሬ ስንት ጆንያ ከሰል አከሰለች ይሉታል።

ይህችን መኪና እየገጣጠመ ዓመታት ፈጅቷል። ከዚያ በፊት የሰው መኪና ሾፌር ነበር፤ ከዚያም በፊት የቆሎ ተማሪ። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ በልጅነቱ ሞቱበት። እናቱ እማሆይ አመተ ሥላሴ ልጃቸው ድጓ አዋቂ እንዲሆንላቸው ተስለው ወደ ድጓው ትምህርት ቤት ወደ ቤተ ልሔም ላኩት። ጥቂት ዓመት ተማረ። ጆሮው መልካም ነበር ይላሉ መምህሩ። ነገር ግን አንድ ቀን እህል ጫኝ መኪና በአቅራቢያው ተበላሽቶ ሲሠራ ቆሞ አየና ልቡ እዚያው ቀረ። እናቱ አልተቆጡም፤ አልረገሙም። ብቻ ሰርገኛ ተሠርታ ከቆመችበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አልተሳፈሩባትም። ምርኩዛቸውን ይዘው ገበያ ሲሄዱ መንገድ ላይ ቢያገኛቸው ያቆማል፣ ይለምናል። እርሳቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ፤ እኔ በእግሬ ይሻለኛል» ብለው ያልፋሉ። ያ ነገር ሁልጊዜ ከውስጡ እንደ እሾህ ይወጋው ነበር።

ምርመራው ሲቃረብ መካኒኩ እሸቱ ፓምፑን ዝቅ አደረገለት። ዳገት ላይ ታስለምንሃለች፣ ጭሷ ግን ይቀንሳል አለው። ሰውነት ቤት ገብቶ ለውባለም፣ የዚች መኪና ሕመም ከውጭ አይደለም፣ ከውስጧ ነው፣ ነገ ታርጋዋ ከተፈታ እኛም አለቀልን፤ እያለ ሲናገር እማሆይ ጥግ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ይሰሙ ነበር።

በማግሥቱ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ በትንሽ ጄሪካን ጸበል ይዘው መጡ። ቀጥ ብለው ወደ መኪናዋ ሄዱና «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አሉት። ሰውነት ፈጥኖ የጋቢናውን በር ከፈተላቸው። ኮፈኗን፣ ጎማዋን፣ መስተዋቷን በስመ አብ እያሉ ሲረጩ ዓይኑ እንባ ሞላና ሰው እንዳያየው ወደ ኋላ ዞረ። እዚያም አስማረ የተባለው ገብስ ነጋዴ ጆንያውን እየጫነ ስለነበር ያግዘው ጀመር። ሲመለስ እናቱ ጋቢና ገብተው ተቀምጠዋል፤ ጄሪካኑም ባዶውን እግራቸው ሥር ነው።

መንገዱን በመልካም ጀመሩት። ሰርገኛ ቀስ ትላለች እንጂ ጭሷ የለም ማለት ይቻላል። ሰውነት በመስተዋት ኋላውን እያየ፣ ምናልባትም እግዚአብሔር ሰምቶናል ማለት ጀምሮ ነበር። ንፋስ መውጫ ለመድረስ የመጨረሻውን ረጅም ዳገት ሲጀምሩ ግን መኪናዋ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨች። ከዚያ እንደ በሽተኛ ሳለች። ከዚያ በመስተዋቱ ውስጥ ነጭ ጭስ እንደ ጉም ተነሣ።

የሾፌር ልብ እንዲህ ያለውን ጭስ ያውቀዋል። ጥቁር ጭስ ገንዘብና መፍቻ ያስተካክለዋል፤ ነጭ ጭስ ግን የሞተሩ ራስ ተሰንጥቆ ውሃ ገባበት ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ሞት ነው። ሞተሩ እልም ብሎ ሲጠፋ ፍሬኑን ረግጦ፣ አስማረ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ እስኪያኖር ድረስ ቆየ።

ኮፈኑን ከፈተ። የራዲያተሩ ውሃ ሙሉ ነው። ዘይቱን አወጣና አየ፤ ንጹሕ ነው። ይህ ሊያረጋጋው ሲገባ ይበልጥ አስፈራው፤ ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ይብሳልና። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። መርማሪዎቹ ዛሬ ጨርሰው እንደሚሄዱ ያውቃል። ዛሬ ያልቀረበም፣ ቀርቦ የወደቀም እኩል ነው። በመጨረሻ የናፍጣ ማጣሪያውን ከሥሩ ፈታ። መዳፉ ላይ የወረደው ናፍጣ አልነበረም፤ ጥርት ያለ ውሃ ነው።

ያን ጊዜ ፍርሃቱ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ናፍጣውን የገዛው ከፋንቱ ነበር፤ ወገዳ መግቢያ ላይ በጄሪካን እየቀዳ ከሚሸጠው። ውሃ ቀላቅሎ ሸጠልኝ፣ ልጆቼን በላብኝ አለ። ሸንጎ አቆመዋለሁ አለ። ከዚያ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ እርግማን ጀመረ፤ ዘሩን፣ ቤቱን፣ ከብቱን እየጠራ።

እማሆይ የጋቢናውን በር ከፍተው ወረዱ። ምርኩዛቸውን እንኳ አልያዙም።

«ልጄ፣ ሰውየውን አትርገመው» አሉ። «ያጠጣኋት እኔ ነኝ።»

«ምን አጠጧት?»

«ጸበሉን። በነዳጅ መግቢያዋ በኩል።»

እርሳቸውም ቀና ሳይሉ ተናገሩ። ሕመሟ ከውስጥ ነው ስትል ሰምቻለሁ አሉ። በሽተኛ ጸበል ሄዶ ላዩን ብቻ ተረጭቶ አይመለስም፤ ይጠጣል። ላዩዋን ረጭቼ ውስጧን ብተዋት ግማሽ ሥራ መሰለኝ አሉ። ሰውነት እናቱ ሲፈሩ አይቶ አያውቅም፤ አባቱ የሞቱ ዕለት እንኳ። አሁን ግን በልጃቸው መኪና ላይ ያደረጉትን፣ በጸበሉም ላይ ያደረሱትን እያሰቡ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል።

እነዚያን ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንዲባርኳት ሲመኝ ኖሮ፣ የባረኳት ዕለት ቆመች።

አስማረ ጠጋ አለ። «እማሆይ፣ ስሕተቱ የእርስዎ አይደለም» አለ። «ጸበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። ይቺ ናፍጣ ጠግባ ቀረበች።»

እማሆይ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸውና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ሰውነትም ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ፀሐይዋ አትቆምም።

ውሃ ከናፍጣ ይከብዳልና ከታንኩ ሥር ተኝቷል። ከታች ያለውን ቡሎን ፈትቶ ማፍሰስ ነው፤ አጭር ሥራ። መኪናዋ ሥር ተንሸራቶ ገብቶ መፍቻውን ሲያስገባ ግን እናቱ ከላይ ሆነው፣ ጸበል ሰው በሚረግጠው መንገድ ላይ አይፈስም አሉት። ልጁ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ አልተከራከረም። ጄሪካኑን ሥሩ አስቀምጦ በቀጭኑ አስወረደው። ውሃው፣ ከውሃውም ጋር ዝገትና ጭቃ፣ ከዚያም ናፍጣ መጣ። ጄሪካኑ ሲሞላ እማሆይ ለሌላ አልሰጥም ብለው ራሳቸው ያዙት። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሰውም ከብትም የማይደርስበት የድንጋይ ስንጥቅ ፈልገው፣ ጸሎት አድርሰው እስኪደፉት ድረስ ሰውነት መሪው ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። አንዲት ሚኒባስ አለፈችው። ሁለተኛዋም አለፈችው። ሁሉም ወደ ምርመራው ነው የሚሄዱት። በውስጡ አንድ ድምፅ ፍጠኑ በላቸው ይለዋል፤ እርሱ ግን አልጠራቸውም።

ነዳጁን በእጅ ገፍቶ አየሩን አስወጣና ቁልፉን አዞረ። አልነሣም አለች። ደግሞ አዞረ። በሦስተኛው እየሳለች ተነሣች፤ ነጩም ጭስ ቀጠን አለ እንጂ አልጠፋም።

ንፋስ መውጫ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሰልፉ ገና ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን አለ በልቡ፤ ነገር ግን ወዲያው ከፊቱ ያለውን አየ። የአንድ አሮጌ አይሱዙ ባለቤት ራሱን ይዞ ቆሟል፤ አንድ ሠራተኛ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የታርጋውን ቡሎን እየፈታ ነው። ቡሎኑ ዝጎ ስለነበር ይጮኻል። ያ ድምፅ ሰውነትን አጥንቱ ድረስ ዘለቀው።

ተራው ደረሰ። መርማሪዋ ትዕግሥት የምትባል ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች ወጣት ናት። ቱቦውን ከጭስ ማውጫው አስገብታ ነዳጅ እንዲሰጥ በእጇ አመለከተችው። ረገጠ። ነጭ ጭስ ከቱቦው ተርፎ ወጣ። እጇን አነሣችና ወደ መስኮቱ መጣች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ውሃ ነው። ከየት ገባ?»

ፋንቱ ላይ ማሳበብ ቀላል ነበር፤ የሚያምነውም ብዙ ነው። እውነቱን ቢናገር ደግሞ ሊሳለቅ የመጣ ሊመስላት ይችላል። ከጎኑ የተቀመጡትን እናቱን አየ።

«እናቴ ጸበል አጠጥተዋት ነው» አለ።

ከኋላ ያለው ሠራተኛ ሳቀ። ትዕግሥት አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ እማሆይን አየቻቸው። እርሳቸውም ዓይናቸውን አላሸሹም፤ እውነት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄን በእኔ አትቅጪብኝ አሏት።

ልጅቱ ሞተሩን ሳያጠፋ ከሰልፉ እንዲወጣና ከሁሉም ኋላ እንዲቆም ነገረችው። ውሃ ከሆነ ሲሞቅ ይጠራል፤ ሌላ ከሆነ አይጠራም አለችው። «ያኔም እንዲህ ከሆነ ግን ምንም ላደርግልህ አልችልም።» ወደ እማሆይም ዞር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማሆይ፣ ለከርሞ ይርጩላት እንጂ አያጠጧት።»

መጠበቅ እንዲህ እንደሚከብድ ሰውነት አያውቅም ነበር። ሰልፉ አንድ በአንድ ያልቃል። አንዱ ቦሎውን ለጥፎ ጡሩንባ እየነፋ ይወጣል፤ ሌላው ታርጋውን አስረክቦ በእግሩ ይሄዳል። ሞተሩ ይንደቀደቃል። ነዳጁ ባያልቅ፣ ሞተሩ ባይጠፋ፣ ልጅቱ ባትረሳው፣ አለቃዋ ባይከለክላት። መጸለይ ፈልጎ ቃል አጣ። ኪርያላይሶን ብቻ ወጣው፤ እርሱንም መልሶ መላልሶ አለው። ከጎኑ የእናቱ መቁጠሪያ ድምፅ ይሰማል፤ እርሳቸውም ወደ እርሱ አላዩም፣ እርሱም ወደ እርሳቸው አላየም።

በመጨረሻ ሜዳው ላይ ሰርገኛ ብቻ ቀረች። ትዕግሥት ቱቦዋን ይዛ መጣች። እጇ ተነሣ፤ ሰውነት ዓይኑን ጨፍኖ ረገጠ። ሞተሩ ጮኸ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ከዚያ እግሩን አነሣ። ዓይኑን ሳይገልጥ የቡሎን መፍቻውን ድምፅ ጠበቀ።

«ለጥቂት ነው» አለች ትዕግሥት ከማሽኑ ላይ እያነበበች። «ግን አልፋለች።»

«ምን አልሽኝ?»

«አልፋለች አልኩህ። ውረድና ቦሎህን ውሰድ።»

ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ይዞ ወረደ። ያን ሁሉ ፍርሃት ተሸክሞ እዚህ የደረሰው ሰውዬ አሁን፣ የሚያስፈራው ነገር ካለፈ በኋላ፣ ከጎማው አጠገብ ሣሩ ላይ ቁጭ አለና እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስማረ ሮጦ ቦሎውን ተቀበለለት። በዚህ መካከል ወደ ወገዳ የሚመለሱ ገበያተኞች መኪናዋን አይተው መጡ። መሄድ አለመሄዷን እንኳ ሳይጠይቁ ጆንያና ዶሮ እያቀበሉ ከኋላ መውጣት ጀመሩ።

እማሆይ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

«ተነሣ፣ ልጄ» አሉት። «ሰው እየተሳፈረብህ ነው።»

ሰውነት ጎማውን ተደግፎ ተነሣ። ቁልፉን አስገብቶ አዞረና፣ እናቱን ከጎኑ እንደያዘ የወገዳን መንገድ ጀመረ።