በኮሎኔሉ ኪስ የነበረው እቅድ

እናቴ ያን ጠዋት ከበር ሳልወጣ ያዘችኝና፣ «ከትልልቆቹ ጋር እየዋልሽ ለወንድምሽ አንድ ቃል ብትተነፍሺለት ምን አለበት?» አለችኝ። ተቆጣሁ። አስተርጓሚ የራሷ ቃል የላትም አልኳት። እሷ ግን ሞስኮ ድረስ ሄጄ ሩሲያኛ የተማርኩት ለዚህ ቀን ይመስላት ነበር።

ታናሽ ወንድሜ በምሥራቁ ጦርነት የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ክፍሉ አንድ ኮረብታ ላይ ከተከበበ ሳምንት አልፎታል። ውሃቸው ከሁለት ቀን በላይ እንደማይበቃ ያወቅሁት መልእክቱን ራሴ ስለተረጎምኩት ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም።

ስብሰባው ናዝሬት ውስጥ፣ ለጦሩ በተወሰደ የሆቴል አዳራሽ ነበር። ከወዳጅ አገር ከሚላኩልን ስድስት ተዋጊ አውሮፕላኖች ሁለቱ ደርሰዋል፣ አራቱ በመንገድ ላይ ናቸው። የት ይዝመቱ፣ በማን እቅድ ይታዘዙ፣ ጉዳዩ ይኸው ነው። በአንድ ወገን የእኛ ኮሎኔል፣ በሌላው ሩሲያዊው አማካሪ ጄኔራል፣ መሐል እኔ። ኮሎኔሉ ሳምንቱን ሙሉ የደከሙበትን እቅድ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተውታል። ደረጃውን ስንወጣ «አውሮፕላኖቹ ነገውኑ መነሳት አለባቸው» ብለውኝ ነበርና ተስፋዬ ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር።

ሲቀመጡ ኮሎኔሉ እንደ ወጉ፣ «እንግዳ አይደሉ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አሉ። እኛ ዘንድ ለዚህ መልሱ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ!» ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከተገባበዙ በኋላ ጋባዡ ራሱ እያፈረ ይቀድማል። ተረጎምኩ። ጄኔራሉ «አመሰግናለሁ» አሉና ካርታቸውን ዘረጉ።

በሳቸው እቅድ ስድስቱም እስኪሰበሰቡ ሦስት ቀን ይጠበቃል፤ በአራተኛው ቀን አንድ ላይ ወደ ኮረብታው ይበራሉ። አራተኛው ቀን! ኮሎኔሉን አየኋቸው። እጃቸው ኪሳቸውን ነክቶ ይመለሳል። አንዴ «ይቅደሙ» ብለዋልና ይሉኝታ ያዛቸው። ጄኔራሉ አስተያየት እንዳላቸው ሲጠይቋቸው፣ «ኧረ ደህና ነው» አሉ።

ደህና ነው! ወንድሜ በይሉኝታ ሊሞት ነው።

በዚያ ዘመን ሳይጠየቅ የተናገረ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቢሆንም በሩሲያኛ፣ «ኮሎኔሉ ሌላ እቅድ አላቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ ነው» አልኩ።

ጄኔራሉ ወደ ኪሱ እያዩ እጃቸውን ዘረጉ። ኮሎኔሉ ቋንቋው ባይገባቸውም ነገሩ ገባቸው። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ወረቀቱን አወጡና ለጄኔራሉ ሳይሆን ለኔ ሰጡኝ። «አንቺው አንብቢያ እንግዲህ!» አሉኝ።

የደረሱት ሁለት አውሮፕላኖች ነገ ጠዋት ይነሱ ይላል። እስከዚህ ደስ እያለኝ ተረጎምኩ። ቀጣዩ መስመር የሚነሱት ወደ ባቡር ድልድዩ ነው ይላል። ድልድዩ ከፈረሰ የምሥራቁ ጦር በሙሉ ስንቅ ያጣል፤ ስለዚህ የቀሩት አራቱም እንደደረሱ እሱኑ ከጥቃት ይጠብቁ፤ የኮረብታው ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል።

ጣቴ መስመሩ ላይ ቆመ። አንድ መስመር ብዘል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«ምነው?» አሉ ኮሎኔሉ። ወንድሜ እዚያ እንዳለ አያውቁም።

አንድ ቃል ሳላጎድል ጨረስኩት። ጄኔራሉ ጥቂት አሰቡና ካርታቸውን አጠፉ። «ልክ ናቸው፤ ድልድዩ ይቅደም» አሉ። ሁለቱ ተጨባበጡ። እንደዚያ ቀን ተስማምተው አይቻቸው አላውቅም።

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። «ተነፈስሽለት?» አለችኝ።

«ተንፍሻለሁ፣ እማዬ።»

ግንባሬን ስማ መረቀችኝ።

ድልድዩ ተረፈ። የኮረብታው ሬዲዮ በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። እናቴ ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ፣ «እህቱ እንኳ ተናግራለት ነበር፤ የሚሰማት አጣች እንጂ» ትል ነበር። እኔ አጠገቧ አቀርቅሬ እቀመጣለሁ። ሰምተውኝ ነበር።