እህል ያልነካው አረቄ

እናቴ አርብ ገበያ በምትባል ትንሽ ከተማ አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችኝ። እኔ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ድፍድፍ በእጄ ነክቼ አላውቅም። አታስነካኝም ነበር። እንስራው አጠገብ ከደረስኩ «ወዲያ! ጥናትሽን አጥኚ!» ብላ ታባርረኛለች። አጠናሁ። ንፋስ መውጫ ቢሮ ገባሁ፤ ደብዳቤ መጻፍና ማኅተም መምታት ቻልኩ። ሌላ የምችለው ነገር ብዙ አይደለም።

ባለፈው ክረምት የእናቴ ቀኝ ጎን ሽባ ሆነ፤ ምላሷም አብሮ ታሰረ። የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። አዎ ስትል አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፣ አይ ስትል ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች። ከዚያ ያለፈ ነገር ማለት አትችልም። ፊደል ስላልቆጠረችም ጽፋ አታስረዳም። የምታስታምማት የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ በኅዳር የሦስት ሳምንት የዓመት ፈቃድ ወስጄ ልተካት ወረድኩ።

በመጣሁ በመጀመሪያው ዓርብ የሆነውን ባላይ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ዓርብ ጾም ስለሆነ የእናቴ ደንበኞች የሚመጡት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሊፈታ ሲል ነው። ያን ዕለት አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን እንደያዙ በበሩ ብቅ አሉ፤ «እግዜር ይማርሽ እቴ» አሏት፤ ባዶውን አግዳሚ አዩና ወደ ሌላ አረቄ ቤት አለፉ። ሌላም እንዲሁ፣ ሌላም እንዲሁ። እናቴ እግራቸውን በዓይኗ እየተከተለች ቆየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስከ እሁድ ምግብ አልቀመሰችም። ጉርሻ ሳቀርብላት ጥርሷን ትገጥማለች። የሚያክማት የጤና ባለሙያ «ከበላች ትበረታለች፤ ካልበላች ግን እኛም የምናደርገው የለም» ብሎኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ዓርብ በመጣ ቁጥር እንደዚሁ እንደምትሆን ነገረችኝ። ሰው ናፍቋት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው እንዲገባ ደግሞ አረቄ መኖር አለበት።

ጎረቤታችን ጠላ ጠማቂ ናቸው፤ ሄጄ አማከርኳቸው።

«ብቅሉ እስኪበቅል ሳምንት፣ ጥንስሱ ሳምንት፣ ድፍድፉ ደሞ ከዚያ ወዲያ» አሉኝ በጣታቸው እየቆጠሩ። «አንቺ መቼ ነው ምትመለሺው?»

«ሁለት ዓርብ ካለፈ በኋላ፣ እሁድ።»

«እንግዲያ አረቄው ሲወጣ አንቺ ንፋስ መውጫ ነሽ።»

ስልኬን አወጣሁ። ከስኳር ብቻ፣ ያለ እህል፣ ባጭር ቀን አረቄ ማውጣት የሚያስተምር ቪዲዮ አገኘሁ። አስተማሪው ጓንት ያጠለቀ ፈረንጅ ነው፤ ከሚናገረው ግማሹ ይገባኛል። ስኳሩን በሙቅ ውኃ በጠበጠ፣ እርሾውን አቀረበ፣ ጣቱን ቀሰረና አንድ ነገር ሊያስጠነቅቅ ሲጀምር ኔትወርኩ ጠፋ። የእኛ አገር ኔትወርክ እንደ ኩሩ አማች ነው፤ አንዴ ከሄደ ለምነህ አትመልሰውም። እስከተመለስኩበት ቀን ድረስ አልመጣም።

ያየሁት ይበቃል ብዬ ጀመርኩ። እንስራውን በግራዋ ቅጠል አጠብኩ። ውኃ አፈላሁ፣ ስኳሩን ገለበጥኩበት፣ ከሱቅ የገዛሁትን የዳቦ እርሾ እንፋሎቱ ፊቴን እየገረፈኝ በተንኩበት። ከዚያ ከደንኩት። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኸው ነው፤ እኔ ግን ያኔ ኩራት ብጤ ተሰምቶኝ ነበር።

በማግስቱ ጆሮዬን እንስራው ላይ ለጠፍኩ። የእናቴ ድፍድፍ ሲብላላ ከጓዳ ድረስ ይሰማ ነበር። የእኔው ጭጭ ብሏል። በሦስተኛው ቀንም ጭጭ። ጎረቤታችንን ጠራኋቸው፤ ጠረኑን አሸተቱ፣ እንዴት እንዳደረግሁ ጠየቁኝ።

«በፈላ ውኃ? ውይ አንቺ ልጅ! እርሾውን ቀቀልሽው እኮ!»

ደፋሁት። የሦስት ቀን ሥራ በጓሮ ቦይ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። አለቀስኩ ብል አላፍርም።

ለሁለተኛው ስኳር ፍለጋ ያሉትን ሱቆች ሁሉ ዞርኩ። ሁለተኛው ዓርብ አለፈ፤ እናቴ እንደገና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሁን የቀረኝ አንድ ዓርብ ብቻ ነው። ውኃውን ለብ አድርጌ፣ በክርኔ እየሞከርኩ፣ ሕፃን የማጥብ ይመስል ተጠንቅቄ በጠበጥኩ። ማታውኑ አረፋ ያዘ። በማግስቱ ተንጫጫ! እናቴን «ስሚው፣ ስሚው!» አልኳት። ሰማችው፤ አንገቷን ግን ዝቅም አላደረገችም፣ ፊቷንም አላዞረችም።

በሦስተኛው ቀን ድምፁ ቀነሰ። ብርዱ መስሎኝ ጋቢ ደረብኩለት። ወደ ምድጃው አስጠጋሁት። ስነቀንቀው ትንሽ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ዝም። ብቀምሰው ገና ይጣፍጣል። ስኳሩ እንዳለ ነው ማለት ነው፤ ይህን እንኳ ለማወቅ ጠማቂ መሆን አያስፈልግም።

«ስኳር ብቻውን ምን ጉልበት ይሰጠዋል?» አሉ ጎረቤታችን። «እህል ያልነካው አረቄ! ትንሽ የገብስ ብቅል ጣል አድርጊበትና ሳምንት ተይው።»

ሳምንት የለኝም። ብቅሉን ጣል አደረግሁ፣ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፣ ሐሙስ ጠዋት እሳት ላይ ጣድኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ክዳኑን በሊጥ መረግሁ፤ ከአፉ የሚወጣውን ሸምበቆ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተቀመጠው ማሰሮ ጋር ገጠምኩ። ሊጡ እዚህ ስደፍነው እዚያ ይተነፍሳል። ውኃው ሲሞቅ እለውጣለሁ፣ እስክለውጥ እሳቱ ይበረታል። ጎረቤታችን እንዳዘዙኝ መጀመሪያ የተንጠባጠበውን ደፋሁት። ከዚያ በኋላ የሚወርደውን ጠርሙስ ውስጥ እያጠራቀምኩ ሳለ አንድ ሽታ መጣ። ያልተብላላው ስኳር ታች ያዘ። የተቃጠለ ስኳር ሽታ ቤቱን ሞላው። እሳቱን አወጣሁ፤ ያገኘሁት አንድ ጠርሙስ ተኩል ነው። አላሸተትኩትም። ላውቅ አልፈለግሁም።

ዓርብ ዕለት ገበያ ወጥቼ የእናቴን የድሮ ደንበኞች ፈለግሁ። ያን ዕለት በበሩ ብቅ ያሉትን ሽማግሌና ሁለት ጓደኞቻቸውን እህል ተራ አገኘኋቸው። «እማዬ ቤት አረቄ አለ» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ተከትለውኝ መጡ። እናቴን በትራስ ደግፌ አስቀምጫት ነበር፤ ነጠላዋንም አልብሻታለሁ። ሦስቱም አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ የግራ ዓይኗ ሲበራ አየሁ። በመለኪያ ቀዳሁና ሰጠኋቸው።

ይዘውት ተቀመጡ። አይጠጡም።

«ምነው አባባ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሳይቀመስ?» አሉኝ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው፣ እንዳያሳፍሩኝ።

ለካስ ረስቼዋለሁ። የቀዳ ሰው መጀመሪያ ግራ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ሳይቀመስ የሚጠጣ ሰው በአገራችን የለም። ደንግጬ መዳፌን ዘረጋሁ። ያኔ እናቴ ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ አወጣች። ዞር ስል ግራ እጇን፣ የሚንቀሳቀሰውን፣ ወደ እኔ ዘርግታለች። የዚያ ቤት ቀማሽ እሷ ናት።

የጤና ባለሙያው ጠብታ እንዳትቀምስ ብሎ አስጠንቅቆኛል። ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ፤ ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ። ብከለክላት በሰዎቿ ፊት ሬሳ አደረግኋት ማለት ነው። ብሰጣት ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ቆምኩ። እጇን አላወረደችም። መዳፏ ላይ ጠብ አደረግሁላት።

ላሰችው። ፊቷ አልተለወጠም።

«እንዴት ነው እቴ? ይጠጣል?» አሉ ሽማግሌው።

እናቴ ብዙ ጊዜ ሰክራ ሰው ሰድባ ይሆናል፣ ከጎረቤት ተጣልታ ይሆናል፤ አረቄ ላይ ግን ዋሽታ አታውቅም። ደንበኛ ደጅ ቆሞ እየጠበቀ «ዛሬ አልሆነልኝም፣ ሂዱ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔን አየችኝ። ረዘም አድርጋ አየችኝና አንገቷን ዝቅ አደረገች። አዎ።

ጠጡት። አንዱ ትን አላቸው። ሽማግሌው አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «እሰይ፣ የእናትሽ እጅ» አሉኝ። አራቱም ለእኔ ሲሉ ዋሹ። ስለ ውቂያ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ታመመ በሬ ትንሽ አወሩላት፤ አንገቷን ወደሚናገረው ሁሉ እያዞረች ሰማች። ልድገማችሁ ስል ግን ሦስቱም «መንገድ አለብን» ብለው ተነሡ።

ሲወጡ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ደህና ነው?»

ፊቷን ወደ ጎን አዞረች። አይደለም።

«ምን ጎደለው?»

ግራ እጇን አነሣችና ዕቃ ወደሚቀመጥበት ጥግ ጠቆመች። ወንፊቱን አነሣሁላት፤ ፊቷን አዞረች። ቅሉን አነሣሁ፤ አዞረች። ጌሾውን፣ የብቅሉን ቁና፣ የእንስራውን መክደኛ፣ መጥረጊያውን ሳይቀር። እየጠቆመች ነው፣ ያውም በቁጣ፣ እንደ ድሮዋ። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ድምፅ ቃል ሊሆን ይታገላል፤ አይሆንም። ጥጉ ባዶ እስኪሆን ድረስ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሣሁላት፤ ሁሉንም አይ አለች። በመጨረሻ እጇ ደከመና ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ።

እንጀራ በሽሮ አቀረብኩላት። ዓርብም ሆኖ አፏን ከፈተች። እያጎረስኳት፣ እያላመጠች፣ ዓይኗን ከዚያ ባዶ ጥግ አላነሣችም። እሁድ ፈቃዴ አለቀና ወደ ንፋስ መውጫ ተመለስኩ። ምን ልትነግረኝ እንደፈለገች እስከ ዛሬ አላወቅሁም።