ሽቅብ የሚገፋው ሥር

ራይሊ ጡረታ የምትወጣበት ቀን ነበር። ሄልሲንኪ በየካቲት በረዶ ተሸፍናለች፤ የቤተ ሙከራው ሰዎች ኬክ ቆርሰው ታች ይጠብቋታል። እሷ ግን ከማይክሮስኮፑ አልነሳ ብላለች።

በሳህኑ ውሃ ውስጥ የተዘረጋው እንደ ፀጉር የቀጠነ የሊምፍ ሥር ነው፤ ከአካል የተረፈውን ውሃ ሽቅብ ወደ ልብ የሚመልሰው። ጤነኛው ሥር ከገላ ወጥቶ እንኳ ለብቻው ይመታል። ይህኛው ግን የተወሰደው ዘረመላቸው ተለውጦ እግራቸው እያበጠ ከሚወለዱት አይጦች፣ ከመጨረሻዋ ነው። ለእብጠቱ የተሠራውን አዲስ መድኃኒት የቀመሰችው ይህች አይጥ ብቻ ናት፤ ዘሯም ከዛሬ ወዲያ አይራባም። የእነዚህ አይጦች ሥር ሲመታ ራይሊ አንድም ቀን አላየችም። ዛሬ ካላየች መቼም አታይም።

የእናቷ እግር እንዲሁ ነበር፤ በዘር የመጣ እብጠት። ሐኪሙ «ሥሮችሽ ሰንፈዋል» ብሏት፣ እናት ስንፍናን በኀፍረት ተሸክማ ኖረች። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና የበርች ቅጠል ሲሸት፣ እግሯን ከፍ አድርጋ ታንጎራጉርለት ነበር፦

ሂድ አንተ ውሃ፣ ሽቅብ ገስግስ፣
እግሬ ላይ አትተኛ፣ ከልቤ ድረስ።

ያ ድምፅ! ስንት ክረምት አለፈበት።

ሥሩ ጭጭ እንዳለ ነው። የረጅም ዘመን ባልደረባዋ ኦስሞ ብቅ አለ።

«ራይሊ፣ ኬኩ አለቀ። የተረፈልሽ ሻማው ነው።»

«ሻማውን አንተው ብላው።»

«ኧረ! መስኮቱን ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኛ። ክፍል ካልተናፈሰ ሰው ይታፈናል።»

«በየካቲት? ሳህኑ ቀዝቅዞ እኮ ነው! አንቺስ ባልሞቀ ሳውና ትዘፍኛለሽ?»

ራይሊ ግንባሯን መታች። ውሃው እንደ ገላ ካልሞቀ ሥር አይመታም፤ የሳህኑ ትንሿ ማሞቂያ ያን ብርድ ከየት ትቻለው! «ስንቱን ሰው የተቆጣሁበትን ስህተት፣ ዛሬ እኔው!» እያለች መስኮቱን ዘጋች።

ጠበቁ። ውሃው ሞቀ። ሥሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ጭምቅ አለ። መታ! ግን ወደፊት ከገፋው ውሃ ግማሹ፣ ሥሩ ውስጥ ባለው በማይገጥመው በር ሾልኮ ተመለሰ። ደግሞ መታ። ደግሞ ተመለሰ።

«ያፈሳል» አለ ኦስሞ ቀስ ብሎ። «አይጧ አልዳነችም።»

«አልዳነችም። ግን እየው፣ መምታቱን አይተውም።» ዓይኗን አላነሳችም። «እማዬ፣ ሥርሽ ሰነፍ አልነበረም እኮ። ሲለፋ ነው የኖረው።»

ኦስሞ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።