የባለቤቴ መጻሕፍት ልባስ

ባለቤቴ ጂንካ ውስጥ የታሪክ መምህር ነበር። ዓይኑ መድከም የጀመረው ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ መስመሩ እየተንሻፈፈ፣ ተማሪዎቹ አንገታቸውን አዘንብለው ያነቡ ጀመር። እሱ አልነገረኝም፤ የሰማሁት ከሥራ ባልደረባው ነው።

አርባ ምንጭ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ የዓይኑ ግፊት ነርቩን እንደጎዳው፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ ያዘዘችለት ጠብታም የቀረውን ለማቆየት ብቻ እንደሆነ አስረዳችን። ቤት እንደገባን ወንበር ስቦ መጽሐፍ መደርደሪያው ፊት ተቀመጠ።

እኔ ያኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ስተይብ ውዬ፣ የጂንካን ጭቃ ረግጬ ስመለስ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አንዱን መጽሐፍ የት እንዳደረግሁት ይጠይቀኛል። በማጉያ መነጽር ገጹ ላይ ተደፍቶ ማንበብ ይችላል፤ መደርደሪያው ላይ ግን አንዱን ከሌላው መለየት አቅቶታል። አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ድስቱን ስጥድ ሌላ ይጠይቃል።

ሲታክተኝ ገበያ ካለው ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኜ አመጣሁ። የታሪኮቹን በቀይ፣ መዝገበ ቃላቱን በነጭ፣ መንፈሳዊዎቹን በሰማያዊ፣ ልብ ወለዶቹን በአረንጓዴ እየሰፋሁ አለበስኳቸው። ከዚያ በኋላ ራሱ እየተነሳ ያወጣ ጀመር። እኔም ከሥራ ስገባ እግሬን ዘርግቼ መቀመጥ ቻልኩ። ያ ጊዜ ብዙ አልቆየም።

አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ምንባብ እንዲያነብ ተጋበዘ። ጉባኤው ፊት ቆሞ መጽሐፉን ከፈተ፤ በማጉያው ጎንበስ ብሎ አየና ገጹን መላልሶ ገለበጠ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ልባሱን አየሁት፤ አረንጓዴ ነበር። ወፍራም ልብ ወለድ ይዞ መጥቷል። መጽሐፉን ዘጋው፤ ከዚያ አንድ መዝሙር ከዳዊት በቃሉ ደገመ። ምእመናኑ አሜን አሉ። ነገሩ የገባው ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዞ ነበር የሚሄደው።

«ሰማያዊውና አረንጓዴው አንድ ሆነውብኛል» አለኝ። «ከተምታቱብኝ ሰንብተዋል።»

ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት። ያን ሁሉ ከሰፋሁ በኋላ ፍቺውና እንደገና ስፊ ማለት ከብዶት እንደነበር ነገረኝ።

በኋላ ቀዩም ጠቆረበት። ጂንካ አቅራቢያ ወዳለችው አልዱባ ለሥራ የሄድኩ ዕለት ከገበያው ደማቅ ብርቱካንማ ጨርቅ ገዛሁ፤ ለታሪኮቹ አስቤ ነበር። ቤት አምጥቼ ስዘረጋው ከተቀመጠበት ቀና አለ። እጁን ሰደደና ሳይዳብስ በአንድ ጊዜ ያዘው።

«ሁሉንም በዚህ አልብሺልኝ» አለ።

«ታዲያ በምን ትለያቸዋለህ?»

«መለየቱስ ቀርቷል። መኖራቸውን ልይ።»

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሱ አልነበረም፤ ስለሚፈታው ስፌት ነበር። ጣቶቼ ከመተየብ ብዛት ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይሉኝ ነበር። ሆኖም ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አሮጌውን እየፈታሁ አዲሱን ሰፋሁ። ስጨርስ ግድግዳው በአንድ ቀለም ተሞላ። እሱ ትይዩ ተቀምጦ ያየዋል። እኔ ግን አንድ መጽሐፍ ስፈልግ ሁሉንም መግለጥ አለብኝ።

አሁን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። ማጉያውም አይረዳውም። አመሻሹ ላይ እጄ የገባውን አውጥቼ አነብለታለሁ፤ የትኛው እንደሆነ አይጠይቅም። አንዳንዴ መሃል ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። አይቀሰቅሰኝም፤ መጽሐፉን ከጭኔ ላይ አንስቶ፣ በዳበሳ ክፍት ቦታ ፈልጎ ይመልሰዋል። በማግስቱ የቱ እንደነበረና የት እንዳቆምን የሚያውቅ የለም። ሌላ እንጀምራለን።