ጠፋ የተባለው ፎቶ

እናቴ የሞተች ሰሞን፣ ለለቅሶው እንዲያሳድጉልኝ ያላትን አንድ ፎቶ ካዛንቺስ ላለ ፎቶ ቤት ሰጠሁ። ጠፋ አሉኝ፤ ድንኳኑ ያለ ፎቶዋ ተነሣ። ከሰስኩ። ዳኛው የፈረምኩበትን ደረሰኝ አነበቡ፦ «ለጠፋ ፎቶ ተጠያቂ አይደለንም።» ከዚያም፣ «የተማርክ ሰው ነህ፤ ግልጽ ውል አይተረጎምም» ብለው አሰናበቱኝ።

ሰፈሩ ሲፈርስ ፎቶ ቤቱ ወደ ባምቢስ ሄደ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ምን ባይ ጥሩ ነው? የእናቴ ፎቶ በትልቁ ታጥቦ፣ ለናሙና መስታወቱ ላይ ተሰቅሏል። ገብቼ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ የእናቴን ፎቶ ይስጡኝ» አልኩ።

ባለቤቱ ትክ ብለው አዩኝ፤ አወቁኝ።

«የኔ ልጅ፣» አሉ የመስታወቱን መጋረጃ እየሳቡ፣ «ፍርድ ቤት ጠፍቷል ያለውን ፎቶ እኔ እንዴት አለ ልበል?»