የእትዬ ሙሉ ሁለተኛ ዓይን

ባለፈው የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ቡሬ ላይ የፍኖተ ሰላም ሚኒባስ እስኪሞላ ብዬ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስገባ የሙጫ ሽታ ተቀበለኝ። አባቴ ቀለም የሚበጠብጥበትን ሙጫ በጣሳ ሲያፈላ ቤታችን እንዲህ ይሸት ነበር፤ ሽታውን እወደዋለሁ፣ ወዲያው ደግሞ አንገቴን ያስደፋኛል።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። በጋውን ከፈረስ ቤት እስከ ሽንዲ የሚጠራው ደብር አያጣም፤ ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ፍኖተ ሰላም ይከርምና፣ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ያሥለኝ ነበር። ሌሎች ልጆች መልአክና አደይ አበባ ሲሥሉ እኔ የምሥለው ከተማችንን፣ መናኸሪያውንና ገበያተኛውን ነበር። በዓሉ ሲነጋ እኩዮቼ አበባየሆሽ ሲጨፍሩ፣ እኔ እንደ ወንዶቹ ሥዕሌን ይዤ በየቤቱ እዞራለሁ፤ የሠዓሊ ልጅ ናት ተብሎ ይታለፍልኝ ነበር።

አባቴ ጻድቁንና ደጉን ፊት ለፊት፣ ከነሁለት ዓይኑ ይሥላል፤ ሰይጣንንና ይሁዳን ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ሳይቀር ይህን ያውቃል። እኔም እያየሁት ነው ያደግሁ፤ የደብሩ ግድግዳ ሥርዓት እኔ ወረቀት ድረስ ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አንድ ዓመት የሥዕል መምህራችን ፊትን በጎን መሣል አስተማሩንና፣ ክረምቱን ሙሉ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በጎን ስሥል ከረምሁ። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሰዉ እንስራቸውን እየገዛ፣ ከኋላቸው ደግሞ «ዓይናቸው ክፉ ነው፣ ሰው ይበላሉ» እያለ ያማቸው ነበር። እኔ ሐሜቱን አላምነውም፤ እወዳቸው ስለነበር ከሁሉ አብልጬ የደከምሁበትን ሥዕል ለእሳቸው አደረግሁ። እንስራ አዝለው ወደ ገበያ ሲወርዱ፣ በጎን።

በበዓሉ ጠዋት በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

«እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት።»

«እንዲህ ነው የምታይኝ፣ ልጄ?»

«አዎ» አልሁ፣ ኮራ ብዬ። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፣ «እደጊ» ብለውም መረቁኝ።

ቤት ገብቼ ስተርክለት አባቴ ብሩሹን አስቀመጠ። «እሳቸውን ባንድ ዓይን? አንች ልጅ፣ ምን ጉድ ሠራሽኝ» አለና፣ እጄን ይዞ ወደ ቤታቸው መልሶ ወሰደኝ። «የትምህርት ቤት ነገር ነው እትዬ፣ ክፉ አስባ አይደለም፣ ይቅር ይበሉን» አላቸው።

እትዬ ሙሉ ፈገግ አሉ። «ኧረ ልጅ ምን ታድርግ፤ ከትልቅ የሰማችውን ነው» አሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ይዞኝ ወደ ቤት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር፣ ሸክም ቢከብዳቸው እንኳ፣ ቆም ብለው ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ እኔ ያዞሩና «ደኅና ዋልሽ» ይሉኝ ነበር። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን እያሳዩኝ መሆናቸው የገባኝ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «እኔ አላማዎትም» ልላቸው እያሰብሁ፣ አፌ እየተያዘ በጋው አለቀ። በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ፊት ለፊት ሥዬ ወሰድሁላቸው፤ ተቀበሉኝ፣ መረቁኝም፤ መንገድ ላይ ቆሞ መዞሩን ግን እስኪያርፉ ድረስ አልተዉትም።

ቡሬው ሱቅ ውስጥ የተደረደሩት የመልካም ምኞት ካርዶች የከተሞቻችን ሥዕል ያለባቸው ነበሩ። ባጃጅ ነጂው በጎን፣ ቄሱ ሳይቀሩ በጎን ተሥለዋል፤ ዛሬ በዚህ የሚቀየም የለም። እንስራ ያዘለች ሴት፣ እሷም በጎን፣ ያለችበትን አነሣሁ።

«ያምራል አይደል፣ እትዬ?» አለችኝ ሻጯ።

«ያምራል» አልኋትና፣ ሁለተኛው ዓይን እዚያ ያለ ይመስል፣ ካርዱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት።